ለአማርኛ የሥልጠና ማኑዋል ዋተርማርክ፦ ጥበቃውንና የድርጅት መለያውን እንዴት እናስማማ?

ጥያቄ (የሥልጠና ድርጅት ኃላፊ፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሒሳብ አያያዝና የግብር አከፋፈል ሥልጠና የምንሰጥ ድርጅት ነን። የሥልጠናውን ማኑዋል ቀደም ሲል በወረቀት እናሳትም ነበር። የወረቀትና የሕትመት ዋጋ ሲንር ግን በፒዲኤፍ አዘጋጅተን ለሠልጣኞችም፣ ማኑዋሉን ብቻ ለሚፈልጉ ሰዎችም መሸጥ ጀመርን። ምሳሌዎቹንና የመለማመጃ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያዘጋጀናቸው እኛው ነን፤ ድርጅቱ በገበያው ላይ የሚታወቀውም በእነርሱ ነው። በቅርቡ ይኸው ማኑዋል ስማችን ያለበት የሽፋን ገጽ ተነሥቶለት በአንድ የመልእክት መለዋወጫ ቻናል በነፃ ሲታደል አገኘነው። ለገዢዎቻችን ሁሉ የምንሰጠው ቅጂ አንድ ዓይነት በመሆኑ ከየትኛው እንደ ወጣ የምንለይበት መንገድ የለም።

በሚቀጥለው እትም በየገጹ ዋተርማርክ፣ ማለትም በገጹ ላይ ደብዝዞ የሚታይ ምልክት፣ ልናደርግ ወስነናል። ከምልክቱ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ማኑዋሉ ያለ ፈቃድ እንዳይባዛ እንዲከላከልልን፣ አንባቢውም ገጹን ባየ ቁጥር የማን ሥራ እንደ ሆነ እንዲያውቅ። በዎርድ የሠራነው ዋተርማርክ ለዓይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሰው ፋይሉን መልሶ በዎርድ ሲከፍተው ያለ ምንም ችግር ይጠፋል። በኢንተርኔት የሚገኙት ነፃ መሣሪያዎች ደግሞ የአማርኛውን ጽሑፍ ባዶ ሳጥን አድርገው ያወጡታል። አንባቢዎቻችን በአብዛኛው በስልክ የሚያነቡ ስለሆኑ ፋይሉ እንዲከብድባቸው፣ ጽሑፉም እንዲደበዝዝባቸው አንፈልግም። የትኛውን መንገድ ትመክሩናላችሁ? በሕግ በኩልስ ምልክቱ ምን ያህል ይጠቅመናል?

መልስ 1 (በሕትመት ቤት የምትሠራ ዲዛይነር)

ከሁለቱ ፍላጎቶቻችሁ ስለ መለያው ልመልስ። ለመለያ የሚሆነውን ምልክትና ለጥበቃ የሚሆነውን ምልክት አንድ ላይ ለመሥራት ባትሞክሩ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሚጠበቅባቸው ጠባይ ይቃረናል። መለያ ዘወትር አንድ ዓይነት፣ ንጹሕና ጽሑፉን የማይነካ ሊሆን ይገባዋል። የጥበቃ ምልክት ግን ከቅጂ ቅጂ የሚለያይና ለመቁረጥ የማይመች ሲሆን ነው የሚረባው። በወረቀት ዘመንም ቢሆን በጣሊያን የፋብሪያኖ ወረቀት ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1282 አካባቢ ጀምሮ በወረቀታቸው ውስጥ ምልክት ሲያኖሩ ወረቀቱን ማን እንደ ሠራው ለማሳወቅ ነበር፤ የገንዘብ ኖትንና የመሳሰሉትን ከሐሰተኛ መከላከል ከዚያ በኋላ የመጣ አገልግሎት ነው።

ስለዚህ ሎጎውን በገጹ ግርጌ፣ ከገጽ ቁጥሩ ጎን፣ በትንሹና በራሱ ቀለም አስቀምጡት። ዲዛይነራችሁ ሎጎውን በቬክተር ፋይል (ቢያጎሉት ጥራቱን በማያጣ የሥዕል ፋይል) እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ እርሱ ከሌለ ዳራው ግልጽ የሆነ ፒኤንጂ ይሁን። ነጭ ዳራ ያለው ጄፔግ በሠንጠረዥ ቀለም ላይ ሲያርፍ ነጭ ሳጥን ሆኖ ይታያልና ሥራውን ሁሉ ርካሽ ያስመስለዋል። በገጹ መካከል ትልቅ ሎጎ መዘርጋትን አልመክርም። ብዙ ሠልጣኞች የመለማመጃ ገጾቹን በየሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው ነው የሚሠሩባቸው፤ በዚያ ማሽን ላይ በስክሪን የደበዘዘ የመሰለው ግራጫ ሎጎ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቁጥሮቹን ይበላቸዋል። ሒሳብ በሚሠራበት ገጽ ላይ 3 እና 8 ካልተለዩ ማኑዋሉ ጥቅም የለውም። ወደ ሕትመት ከመግባታችሁ በፊት አንዱን ገጽ በጥቁርና ነጭ አሳትማችሁ፣ ያንኑ ደግሞ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ተመልከቱት።

መልስ 2 (የኮሌጅ መምህር)

እኔ የማውቀው ቀላሉ መፍትሔ ገጾቹን ሁሉ ከነዋተርማርኩ ወደ ምስል ለውጦ መልሶ ፒዲኤፍ ማድረግ ነው። ጽሑፉም ምልክቱም አንድ ምስል ስለሚሆኑ በዎርድ ከፍቶ መለየት አይቻልም።

መልስ 3 (በስክሪን አንባቢ የምጠቀም ዓይነ ስውር የሒሳብ ባለሙያ)

መምህር፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ይህ መንገድ እኔንና እንደ እኔ ያሉ አንባቢዎችን ከመጽሐፉ ውጭ ያስቀረናል። እኔ የማነበው ኤንቪዲኤ በተባለ ነፃ ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ በውስጡ ያለው የንግግር ሶፍትዌር አማርኛን ያነባል። ገጹ ምስል ሲሆን ግን የሚያነበው ፊደል ስለማያገኝ ዝም ይላል። ዓይናማ የሆነውም አንባቢ ቢሆን በስልኩ አንድ ቃል መፈለግ፣ ቁጥር መቅዳት፣ ፊደሉን ማጉላት ይቸገራል፤ ፋይሉም ብዙ እጥፍ ከብዶ የኢንተርኔት ዳታውን ይጨርስበታል። እንዲህ ዓይነት ፋይል የሚጎዳው ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ሰው ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚያሰራጨው ሰው ገጾቹ ምስል መሆናቸው አያግደውም።

ዋተርማርኩንም በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ምልክቱ በፒዲኤፉ ውስጥ «አርቲፋክት» ተብሎ፣ ማለትም የጽሑፉ አካል እንዳልሆነ ተገልጾ ይቀመጥ። ያ ካልሆነ ስክሪን አንባቢው በየገጹ መካከል የድርጅቱን ስምና የገዢውን ቁጥር እየጠራ ዓረፍተ ነገሩን ይቆርጥብናል። በአክሮባት (በአዶቤ የፒዲኤፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም) የሚጨመር ዋተርማርክ ይህ መግለጫ ያለው ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ በሌላ መሣሪያ የምትሠሩ ከሆነ ግን ፋይሉን ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ጊዜ በስክሪን አንባቢ አስነብባችሁ አረጋግጡ።

መልስ 4 (የሶፍትዌርና የሰነድ አያያዝ ባለሙያ)

ከላይ ያለውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ወደ ምስል መለወጡ ጠንካራ መከላከያ እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት አንድ ዓይነት ዋተርማርክ ያረፈባቸው ብዙ ምስሎች ለኮምፒውተር ከተሰጡት ምልክቱን በራሱ ለይቶ ሊያነሣ እንደሚችል አሳይተዋል። የምልክቱን ቦታ መቀያየር ብቻውን አላስቆመውም፤ ቅርፁን በየምስሉ በጥቂቱ ማጣመም ግን አስቸግሮታል። ብዙ ገጽ ያለው መጽሐፍ በየገጹ አንድ ዓይነት ምልክት ሲይዝ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተመቸ ነው።

ዋተርማርክ መቅዳትን አይከለክልም። ጽሑፉን በስክሪኑ ላይ ማየት የቻለ ሰው ሁሉ ስክሪንሾት ማንሣት ይችላል። ምልክቱ ሊያደርግ የሚችለው ቅጂው ለማን የተሰጠ እንደ ነበር መናገር ነው። የእናንተም ዋናው ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ «ከየትኛው እንደ ወጣ የምንለይበት መንገድ የለም» ብላችኋልና፣ ሁሉም ቅጂ ላይ የድርጅቱን ስም ብቻ በትልቁ ብትጽፉ በሚቀጥለው ጊዜም ያው ጥያቄ ይገጥማችኋል። ለእያንዳንዱ ገዢ የራሱ ምልክት ያለው ቅጂ መስጠት አለባችሁ። ለአሜሪካ የፊልም ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ (የኦስካር ሽልማትን ለሚሰጠው ድርጅት) አባላት የሚላኩ የፊልም ቅጂዎች በዚህ መንገድ የማይታይ ምልክት ይደረግባቸው ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ያለ ፈቃድ የተሰራጩ ፊልሞች ከተዋናይ ካርሚን ካሪዲ ቅጂ የወጡ መሆናቸው ታውቆ ተዋናዩ ከአባልነት ተሰርዟል።

አሁን ወደ አሠራሩ። ዎርድ ዋተርማርክን የሚያኖረው በገጹ ራስጌ ውስጥ ስለሆነ፣ ራስጌውን የከፈተ ሰው መርጦ ያጠፋዋል። ዎርድ ከ2013 እትም ጀምሮ ፒዲኤፍንም ወደሚታረም ሰነድ መልሶ ይከፍታል፤ ምልክቱ የሚጠፋባችሁ በዚህ ነው። የይለፍ ቃልም ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ፒዲኤፍ ሁለት ዓይነት የይለፍ ቃል አለው። አንዱ ፋይሉን ለመክፈት ሲሆን በእውነት ይዘቱን ያመሰጥራል፤ ነገር ግን ገዢው ቃሉን ከፋይሉ ጋር ለሌላ ሰው ከማስተላለፍ የሚያግደው የለም። ሌላው ማተምንና ማረምን ለመከልከል የሚሰጠው ነው፤ ይህኛው የሚሠራው ፋይሉን የሚከፍተው ሶፍትዌር ክልከላውን ለማክበር ፈቃደኛ ሲሆን ብቻ ነውና በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎች በቀላሉ ያነሡታል። ሰነድ እንዳይለወጥ የሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ የኦዲት ሪፖርት ወይም የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ድርጅት፣ ዲጂታል ፊርማ ይጠቀም፤ በፋይሉ ላይ አንድ ፊደል እንኳ ቢለወጥ ፊርማው ያጋልጣል። ለምትሸጡት ማኑዋል ግን ፊርማ ስርጭትን አይገታም።

የአማርኛው ፊደል ሳጥን የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው። ከእነዚያ ነፃ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ምልክቱን የሚጽፉት ፒዲኤፍ ሲፈጠር ጀምሮ ባሉት 14 መደበኛ ፎንቶች ነው፤ ሔልቬቲካ፣ ታይምስና ኩሪየር ከእነርሱ ዋነኞቹ ናቸው። ከ14ቱ አንዱም የግዕዝ ፊደል የለውም። መፍትሔው ምልክቱን መሣሪያው እንዲጽፍላችሁ አለመጠየቅ ነው። በዎርድ ወይም በሊብሬኦፊስ አንድ ባዶ ገጽ ከፍታችሁ ምልክቱን በኒያላ፣ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት ጻፉት፤ ማዕዘኑንና ድብዘቱን አስተካክላችሁ ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ እንዲካተት አድርጋችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት። ከዚያም ያንን አንድ ገጽ በማኑዋሉ ገጾች ሁሉ ላይ ደርቡት። ኪውፒዲኤፍና ፒዲኤፍቲኬ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራሉ፤ ሁለቱም በራሳችሁ ኮምፒውተር የሚሠሩ ስለሆኑ ማኑዋሉን በማታውቁት ድረ ገጽ ላይ መጫን አያስፈልጋችሁም። ማኑዋሉ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት፤ እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ ፍለጋም ሆነ ስክሪን አንባቢ አይሠራባቸውም።

የገዢዎቹን ስም ዝርዝር በኤክሴል ይዛችሁ በዎርድ «ሜይል መርጅ» ብትጠቀሙ ለእያንዳንዱ ገዢ የየራሱን የምልክት ገጽ በአንድ ጊዜ ታወጣላችሁ፤ የተቀረውን ትንሽ ስክሪፕት ይጨርሰዋል። ምልክቱ ከገጹ ጠርዝ ርቆ፣ ምሳሌዎቹንና ሠንጠረዦቹን በሰያፍ አቋርጦ ይለፍ፤ በኅዳግ ላይ የተጻፈ ስም በመቀስ እንደሚቆረጥ ጨርቅ ነው። የቀለሙን ጉልህነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባለው መካከል ሞክሩት፤ የግዕዝ ፊደል ወፍራም ስለሆነ ለላቲን ጽሑፍ የሚመከረው ልክ ይከብድበታል።

ደርቡት ያልኩትም ምልክት ቢሆን በፒዲኤፍ ማረሚያ የሠለጠነ ሰው ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ የገዢውን መለያ ቁጥር ለዓይን በማይታይ ሌላ ቦታም አኑሩት፤ በፋይሉ መግለጫ ውስጥ፣ እንዲሁም በሁለት ወይም ሦስት ሥዕሎች ውስጥ በጥቃቅን ፊደል። የሚታየውን አነሣሁ ብሎ የተማመነ ሰው ሁሉንም ማግኘቱ ያጠራጥራል።

መልስ 5 (የመጻሕፍት አርታኢ)

ለማይታየው ምልክት ከሥዕልና ከፋይል መግለጫ ይልቅ ጽሑፉ ራሱ የተሻለ ቦታ ነው እላለሁ። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የኤቲ ኤንድ ቲ ቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የጽሑፍ መስመሮችን ለዓይን በማይታወቅ መጠን፣ እስከ 1/300 ኢንች ድረስ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በማንቀሳቀስ ቅጂዎችን የሚለዩበትን ዘዴ አቅርበው ነበር፤ ዘዴው ፎቶ ኮፒን እንኳ ተቋቁሟል። ለእኛ ግን ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ። በአማርኛ አንዱን ድምፅ በተለያየ ፊደል መጻፍ የተለመደ ነው፤ ሥራና ስራ፣ ዓመትና አመት፣ ሒሳብና ሂሳብ። በማኑዋሉ ውስጥ እንዲህ ያሉ 10 ቦታዎችን መርጣችሁ በእያንዳንዱ ቦታ ከሁለቱ አጻጻፎች አንዱን ብትጠቀሙ 1,024 የተለያዩ ቅጂዎች ይወጣሉ፤ 12 ቦታ ከሆነ 4,096። ገጹ በካሜራ ቢነሣ፣ ታትሞ መልሶ ስካን ቢደረግ፣ ሌላው ቀርቶ ጽሑፉ ተቀድቶ በአዲስ ፋይል ቢለጠፍ ልዩነቱ አብሮ ይሄዳል። ሽፋኑን ለቆረጠው ሰው ይህን ማግኘት ከባድ ነው።

በሙያዬ የፊደል ወጥነት የምቆረቆርለት ነገር ስለሆነ ይህን ስመክር ገደብ አበጅቼ ነው። የመረጣችሁት አጻጻፍ ሁለቱም በአንባቢ ዘንድ ተቀባይነት ያለው ይሁን፤ ትርጉም የሚለውጥ ፊደል፣ ለምሳሌ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ»፣ ፈጽሞ አይነካ። በርዕስ፣ በሕግ ጥቅስና በሰው ስም ላይ አትጠቀሙበት። የፊደል ልዩነት የማይወዱ ከሆነ «እንዲሁም» ን በ«እንደዚሁም»፣ «በተጨማሪ» ን በ«ከዚህ ሌላ» መተካትም ያንኑ ያደርጋል፤ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ።

አንድ ድክመት አለው። ሁለት ገዢዎች ቅጂዎቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው ቢያስተያዩ የተለያዩትን ቦታዎች ያገኟቸዋል። ቦታዎቹን ከ10 ወደ 30 ብታሳድጉ ግን በሁለቱ ቅጂዎች ላይ አንድ ዓይነት የሆኑት ስለማይገለጡላቸው ቢያንስ ከፊሉ ፍንጭ ይተርፋል።

መልስ 6 (የሕግ ባለሙያ)

ስለ ሕጉ ለተጠየቀው፦ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብታችሁ የሚገኘው ሥራውን ከመፍጠራችሁ ነው፤ ዋተርማርክም ሆነ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ ምልክቱ አዲስ መብት አይሰጣችሁም፤ ያላችሁን መብት ለማስረዳት ግን ይረዳል።

በዚሁ አዋጅ የሕግና የአስተዳደር ይፋዊ ጽሑፎች ጥበቃ አይደረግላቸውም። የግብር ማኑዋል እንደ መሆኑ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጾችን በቀጥታ ታስገቡ ይሆናል፤ በእነዚያ ገጾች ላይ ምልክታችሁ ቢያርፍም የሕጉ ቃል የማንም አይሆንም። የተጠበቀው የእናንተ ማብራሪያ፣ ምሳሌና ጥያቄ ነው። የነጋሪት ጋዜጣን ቅጂ ወስደው በየገጹ የራሳቸውን ሎጎ የሚያትሙ ሰዎች አሉና ይህን መናገር አስፈላጊ መስሎኛል፤ ከዚያም አልፎ የሕጉን ቃል በሎጎ መሸፈን አንባቢውን ይጎዳል።

ስለ ገዢው ስም ደግሞ ጥንቃቄ ይደረግ። በየገጹ ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር መጻፍ የሰውየውን የግል መረጃ ከፋይሉ ጋር መልቀቅ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሽያጭ ቁጥር ብቻ በገጹ ላይ ይታይ፤ ቁጥሩ የማን እንደ ሆነ የሚናገረው መዝገብ በድርጅቱ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ቅጂው መለያ ቁጥር እንዳለው፣ ማሰራጨትም እንደማይፈቀድለት በግልጽ ተነግሮት ይስማማ። ቁጥሩ የተገኘበት ቅጂ የትኛው እንደ ነበር ያስረዳል እንጂ ገዢው ራሱ እንዳሰራጨው በራሱ አያረጋግጥም፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ፋይል ለዘመድ ይዋሳል። በአንድ ቁጥር ብቻ ተነሥታችሁ ሰውን በአደባባይ እንዳትከሱ።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ሎጎውን በግርጌ አድርገን፣ የሽያጭ ቁጥሩን በሰያፍ በየገጹ ደርበን፣ አርታኢው እንዳሉት በቃላት የሚለዩ ቅጂዎችንም ለማዘጋጀት ተስማምተናል። ገጾቹን ወደ ምስል አንለውጥም። የቀረን አንድ ጥያቄ ነው፤ የቃላቱን ልዩነት በእጅ ለእያንዳንዱ ገዢ መሥራት አይቻልምና ይህንንም በሜይል መርጅ ማድረግ ይቻላልን?

መልስ 7 (የሶፍትዌርና የሰነድ አያያዝ ባለሙያ)

ይቻላል። በኤክሴሉ ላይ ከሽያጭ ቁጥሩ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የተመረጠ ቦታ አንድ ዓምድ ክፈቱና ለዚያ ገዢ የሚገባውን ቃል ጻፉበት፤ በማኑዋሉ የዎርድ ፋይል ውስጥም በቃሉ ፋንታ የዚያን ዓምድ መስክ አስገቡ። ቃላቱ ወደ ተቀራራቢ ርዝመት የሚያዘነብሉ ይሁኑ፤ አለበለዚያ መስመሩ ተገፍቶ የገጽ ቁጥሮቹ ከማውጫው ጋር ይፋለሳሉ። የወጣውን ቅጂ ወደ ፒዲኤፍ ለውጣችሁ የምልክቱን ገጽ በመጨረሻ ደርቡ። ያንን የኤክሴል ፋይል በሌላ ዲስክ ላይም ቅጂ ያዙለት፤ እርሱ ከጠፋ በቅጂዎቹ ውስጥ ያኖራችሁትን ልዩነት የሚተረጉምላችሁ የለም።